ባይኖርም የማይጎድል ገደብ

እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ ስቲግለር አንድ ጥያቄ አነሳ፤ 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው ጤናው ሳይጓደል ዓመቱን ለመዝለቅ ቢያንስ ስንት ገንዘብ ለምግብ ያስፈልገዋል? በእጁ 77 የምግብ ዓይነቶችና 9 ገደቦች ነበሩ። ካሎሪ፣ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረትና አምስት ቫይታሚኖች ከተወሰነላቸው መጠን በታች መውረድ የለባቸውም።

ይህን የሚፈታ የታወቀ ዘዴ ገና ስላልነበረ ስቲግለር መጀመሪያ ዝርዝሩን አሳጠረ። በዚያው ገንዘብ ሌላ ምግብ በሁሉም ንጥረ ነገር የሚበልጠው ከሆነ፣ ያ ምግብ ርካሽ ማዕድ ላይ የሚቀርብበት ምክንያት የለም። በዚህና በሙከራ ከ77ቱ 15 ብቻ ቀሩ። መልሱ በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር ሆነ። በ1947 የሒሳብ ምሁሩ ጆርጅ ዳንዚግ ሲምፕሌክስ የተባለውን የሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በገደቦች ውስጥ ምርጡን መልስ የማስላት) ዘዴ ሲፈጥር ይኸው ጥያቄ መፈተኛ ሆነ፤ 9 ሠራተኞች በእጅ በሚሠሩ የሒሳብ መኪናዎች 120 የሰው ቀን ገደማ ደክመው 39.69 ዶላር አገኙ። ስቲግለር የራቀው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር!

ከስሌት በፊት የማያስፈልገውን የማስወገድ ሥራ ዛሬም አለ። ትልቅ ዕቅድ ውስጥ ገደቦችን የሚጽፉት ግዢ፣ ምርትና ሽያጭ ለየብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ አስቀድመው የከለከሉትን ደግሞ የሚከለክል ትርፍ ገደብ መግባቱ አይቀርም።

አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ። ትልቅ ዳቦ 2 ኪሎ፣ ኬክ 1 ኪሎ ዱቄት ይፈጃል፤ በቀን ያለው ዱቄት 100 ኪሎ ነው። ምድጃው ደግሞ በቀን ከ120 በላይ አይጋግርም። የምድጃውን ገደብ ለጊዜው አንስተን በተቀረው ገደብ ስንት መጋገር እንደሚቻል እንጠይቅ። ሁሉም ኬክ ቢሆን እንኳ 100 ነው። ስለዚህ የምድጃው ገደብ ትርፍ ነው፤ ቢሰረዝ አንድም የሚቻል ዕቅድ አይጨመርም። ዱቄቱ 150 ኪሎ ሲሆን ግን ያው ገደብ ወዲያው ሥራ ይጀምራል።

ፈተናው ይኸው ነው፤ ገደቡን አውጣ፣ የቀሩት ምን ያህል እንደሚፈቅዱ አስላ፣ ከገደቡ ካላለፈ ትርፍ ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ፈተና ራሱ አንድ ሙሉ ስሌት መሆኑ ነው። ብሪርሊ፣ ሚትራና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 ባሳተሙት ጥናት የቀረበው መንገድ ቀለል ይላል። በዳቦ ቤታችን ለምሳሌ በቀን ከ40 ዳቦና ከ50 ኬክ በላይ ገዢ ከሌለ ድምሩ ከ90 አያልፍም፤ የምድጃው 120 ያለ ምንም ተጨማሪ ስሌት ይወድቃል። ዛሬ ያሉት ሶፍትዌሮች ዋናውን ስሌት ከመጀመራቸው በፊት በዚህ ዓይነት ፈጣን ምርመራ ያልፋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መልሱን አይቶ ሲፈርድ ነው። በስቲግለር ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ውስጥ ፕሮቲኑ በቀን 147 ግራም ገደማ ነው፤ የተጠየቀው 70 ነበር። ብረቱም ከተጠየቀው 12 ሚሊ ግራም ተነሥቶ 60 ደርሷል። ታዲያ የፕሮቲኑ ገደብ ትርፍ ነበር ማለት ይቻላል? ከዚህ ብቻ አይቻልም። ገደቡ ያልተነካው በ1939 የአሜሪካ ዋጋ ነው፤ ዋጋው ቢለወጥ ሌላ ማዕድ ይመረጣል፣ ፕሮቲኑም ጠርዙ ላይ ሊደርስ ይችላል። እውነተኛ ትርፍ ገደብ ግን ዋጋው ምንም ይሁን ምን ትርፍ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንድ ገደብ በስህተት ሁለቴ ቢጻፍ፣ ተራ በተራ ሲፈተኑ ሁለቱም ትርፍ ሆነው ይገኛሉ። ባንድ ጊዜ ከተሰረዙ ግን ገደቡ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ እንደወጣ ቀጣዩ የሚፈተነው በቀሩት ላይ ብቻ ነው።