ከግዙፉ ሕዋስ ጀርባ

ከታመመ የጉልበት አጥንት የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ግዙፎቹ ሕዋሳት ላይ ነው። በአንዱ ውስጥ ብቻ ሃምሳና ከዚያም በላይ ኒውክለስ ተጨናንቆ ይታያል። በመካከላቸው የተበተኑት ትንንሾቹ ባለ አንድ ኒውክለስ ሕዋሳት ልብ የሚባሉ አይደሉም። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1818 ስለጻፈበት ስለዚህ ብርቅዬ በሽታ፣ ስለ ባለ ግዙፍ ሕዋስ የአጥንት ዕጢ፣ ሲነገር ተጠርጣሪዎቹ ለረጅም ጊዜ እነዚያ ግዙፎች ነበሩ።

ዕጢው በብዛት የሚይዘው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ነው። ብዙውን ጊዜ አይገድልም፤ ግን የአጥንቱን ጫፍ በልቶ ያሳሳል። ሐኪሞች ጠርገው ያወጡታል፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ ይሞላሉ፤ እሱ ደግሞ አንዳንዴ ተመልሶ ይመጣል።

ፍንጩ የተገኘው ሌላ በሽታ ሲጠና ነው። የአጥንት መሳሳትን ያጠኑ የነበሩ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በካሊፎርኒያው የአምጄን ኩባንያ፣ ሌላው ስኖው ብራንድ በተባለ የጃፓን የወተት ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አጥንት በሊ ሕዋሳትን የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን ለዩ፤ ራንክ ሊጋንድ ይባላል። ይኸው ፕሮቲን በዕጢው ውስጥ ሲፈለግ ከትንንሾቹ ሕዋሳት ዘንድ ተገኘ። ለካ አጥንት የሚበሉት ግዙፎቹ ደቦ የተጠሩ ናቸው፤ ጠሪዎቹ እነዚያ ልብ ያልተባሉት ትንንሾች ናቸው።

ዴኖሱማብ የተባለው መድኃኒት ይህን ጥሪ ያፍናል። የአውስትራሊያው ሐኪም ዴቪድ ቶማስና ባልደረቦቹ ለ37 ሕሙማን በየወሩ 120 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር በመርፌ ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ናሙናቸው በድጋሚ ከተመረመረው 20 ሰዎች በሁሉም ላይ ከግዙፎቹ ሕዋሳት ቢያንስ 90 በመቶው ጠፍተው ነበር። ለዘመናት በዋናነት በቢላ ለታከመ በሽታ ይህ ታላቅ ድል ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 መድኃኒቱን ለዚህ ዕጢ ፈቀደ።

በዚያው ዓመት ግን የለንደኗ ፓቶሎጂስት አድሪየን ፍላናጋን የተሳተፈችበት ጥናት ከ53 ዕጢዎች በ49ኙ አንድ የዘረመል ለውጥ አገኘ፤ ለውጡ ያለው በትንንሾቹ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ደቦውን ይበትናል እንጂ ጠሪውን አይገድልም። ሲቋረጥ ዕጢው ሊያንሰራራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጣሊያኑ ሪዞሊ ተቋም የወጣ ጥናት ደግሞ ዴኖሱማብ ወስደው ዕጢው ከተጠረገላቸው 25 ሰዎች በ15ቱ ላይ እንደተመለሰ አሳየ፤ ያለ መድኃኒት ከተጠረገላቸው 222 ሰዎች የተመለሰባቸው 36 ናቸው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ለከባድ ሕሙማን በመሆኑ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ቢሆንም ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ነው፤ በሕክምናው የሚያድገው አዲስ አጥንት የቀሩትን ሕዋሳት ከሐኪሙ ዓይን ይሸሽጋል።

ስለዚህ እኔ ክትትሉን የሕክምናው ግማሽ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። አብዛኛው ዕጢ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው፤ አልፎ አልፎም ሳንባ ይደርሳል። ስለዚህ ቦታው በራጅና በኤምአርአይ ይታያል፤ ደረትም ይነሣል። መርፌውን የሚወስድ ሰው ካልሲየሙ ይለካል፤ መንጋጋን ሊጎዳ ስለሚችል ጥርሱ አስቀድሞ ይመረመራል።

አንባቢ ሆይ፣ በጉልበትህ ወይም በእጅህ አንጓ አካባቢ ለሳምንታት የማይለቅ ሕመምና እብጠት ካለ ወጌሻ ዘንድ ከመታሸትህ በፊት ራጅ ተነሣ። በዕጢ የሳሳ አጥንት ሲታሽ ሊሰበር ይችላል።