ከተማ ከመቀየራችን በፊት፦ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ወሩን እንቁጠር



«ልጄ ወደ ሌላ ከተማ ልትገባ ነው። እዚያ ኪራይ ርካሽ ነው፣ አንቺም ቤትሽን ትተሽ አብረሽኝ ነይ ትለኛለች። ልሂድ ወይስ ልቅር?» ይህ ጥያቄ ከሪቫሃ ክፍል በር የማይጠፋ ጥያቄ ነው። አንዱ ከነታንያ ወደ ቂርያት ጋት፣ ሌላው ከሪሾን ሌጽዮን ወደ ቤር ሼቫዕ ለመሄድ ያስባል። ከደቡብ ወደ መሐል አገር ልጁን የሚከተልም አለ። ሂዱ ወይም ቅሩ ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። ልጅና የልጅ ልጅ አጠገብ መሆን በሸቀል አይተመንም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የሁለቱን ቤቶች ኪራይ ብቻ ነው። ሌላው ወጪ የሚታየው ዕቃው ተጭኖ ከሄደ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መመለስ የማይቻል ነገር አለ።

መጀመሪያ የማይለወጠውን እንለይ። ከቢቱአሕ ለኡሚ የሚገባው የሽምግልና አበል በየትኛውም ከተማ ብትኖሩ ያው ነው። መንግሥት ዋጋውን የሚቆጣጠረው ዳቦና ወተትም እንደዚሁ ነው። የውሃ ታሪፍም ከከተማ ከተማ አይለይም። የመብራት ታሪፍ ቢመሳሰልም አጠቃቀሙ ግን ይለያያል፤ ኢየሩሳሌም ክረምቱ ማሞቂያ ይፈልጋል፣ ቤት ሸዓን ደግሞ በበጋ ማዝጋን ሳይከፍቱ መቀመጥ ለአዛውንት አደገኛ ነው። ስለዚህ «እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ «የቱ ነው ርካሹ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ ኪራይ ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተቀመጠ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት። አንዲት እናት አሁን በወር 3,200 ሸቀል ኪራይ ትከፍላለች፤ በአዲሱ ከተማ 2,500 አገኘች። 700 ሸቀል ተረፈ ማለት ነው። አዲሱ ሕንጻ ሊፍት አለው፣ ስለዚህ ቫዓድ ባይት ከ60 ወደ 250 ወጣ፤ 190 ሄደ። ሆስፒታሉና ቤት ክኔሴቱ ሩቅ ስለሆኑ በወር አራት ጊዜ በታክሲ ደርሶ መልስ ትሄዳለች፤ አንዱ ጉዞ 80 ቢሆን 320 ነው። በድሮው ሰፈር ገበያ የምታወጣላት ሌላዋ ልጇ አሁን በመኪና ነው የምትመጣው፤ ቤንዚኑ 200። ሲደመር 710 ሸቀል። የተረፈው 700 አልቆ 10 ሸቀል ከኪስ ተጨመረ። የዕቃ ማጓጓዣው 3,000 ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት በየወሩ 250 ማለት ነው። ይቺ እናት መሄድ የለባትም ማለት አይደለም። ለገንዘብ ብላ ከሆነ ግን ገንዘቡ የለም።

አሁን ወደ አርኖና እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። አርኖና የሚከፍለው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው፣ ተከራይም ቢሆን። ዋጋው በካሬ ሜትር ይታሰባል፣ በየከተማውና በየሰፈሩም ይለያያል። የሽምግልና አበል የሚቀበል ሰው እስከ 25%፣ ከአበሉ ጋር የገቢ ማሟያ (ሃሽላማት ሃክናሳ) የሚቀበል ደግሞ እስከ 100% ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም እስከ 100 ካሬ ሜትር ላለው ነው። «እስከ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ ስንት እንደሚሰጥ የሚወስነው የየከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። እዚህ ያገኛችሁት ቅናሽ ተከትሏችሁ ይመጣል ብላችሁ ዝም አትበሉ። በአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ውሉን ይዛችሁ በስማችሁ ተመዝገቡ፣ ቅናሹንም ጠይቁ። የምትለቁትንም ቤት «ለቅቄአለሁ» ብላችሁ አሳውቁ፤ ካልሆነ ሂሳቡ በስማችሁ መምጣቱን ይቀጥላል። ሌላም ነገር አለ። ልጃችሁ ቤት ገብታችሁ የምትኖሩ ከሆነ የአርኖናው ባለቤት ልጁ ነው፤ ለእናንተ ይሰጥ የነበረው ቅናሽ በዚያ ቤት ላይሠራ ይችላል። የመብራት ቅናሽ ያላችሁም ሰዎች በአዲሱ ቤት ውሉ በማን ስም እንደሆነ ተመልከቱ።

ቤታችሁ የአሚዳር፣ የዓሚጉር ወይም የሌላ የመንግሥት ቤቶች ኩባንያ ከሆነ እባካችሁ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቁልፍ መመለስ ቀላል ነው፤ አንድ ወረቀት ተፈርሞ ያልቃል። መልሶ ማግኘት ግን እንደ አዲስ ጠያቂ ወረፋ መግባት ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ልጅ ጋ የሚገባ ሰው ሁሉም ነገር ደህና እንደሚሆን አስቦ ነው የሚገባው። ሆኖም ልጅ ሥራ ይለውጣል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ሰባት ሰው ይጠብባል። ያኔ ሽማግሌው የሚመለስበት ቤት የለውም። ደረጃ መውጣት ስላቃታችሁ ወይም በሕመም ምክንያት መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ቤቱን ከመልቀቅ በፊት ቤት የማስለወጥ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። በሌላ ከተማም መጠየቅ ይቻላል። መልሱ እሺ እንደሚሆን ማንም ቃል አይገባም፤ ግን ጥያቄው በእጃችሁ ቁልፉን እንደያዛችሁ ይቅረብ። በተቃራኒው ደግሞ ቤቱን ዘግቶ ወይም ለዘመድ ሰጥቶ ሌላ ከተማ መኖርም አደጋ አለው፤ ኩባንያው ቤቱን ትታችሁታል ብሎ ሊያስለቅቃችሁ ይችላል።

ከቤቶች ሚኒስቴር የኪራይ እርዳታ የምትቀበሉ ደግሞ አዲሱን ውል ማቅረብ አለባችሁ። ውሉ በልጅ ስም ከሆነ ወይም ቤቱ የልጅ ከሆነ እርዳታው ሊቀር ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

የራሳቸው ቤት ያላቸውስ? በ1990ዎቹ በልዩው ሚሽካንታ ቤት የገዙ ብዙ ቤተሰቦች ዛሬ ያ ቤት ዋጋ አውጥቷል። «ሸጠን ርካሽ ከተማ እንግዛ፣ የተረፈውን ለልጆች እናካፍል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን የምትኖሩበት ቤትና በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ በቢቱአሕ ለኡሚ ዓይን አንድ አይደሉም። የገቢ ማሟያ የሚቀበል ሰው ከተወሰነ መጠን በላይ ገንዘብ በባንክ ካለው ማሟያው ይቀንሳል ወይም ይቋረጣል። ማሟያው ሲቋረጥ ደግሞ በእሱ የተንጠለጠሉት ሁሉ፣ የአርኖናውም የመብራቱም ቅናሽ፣ አብረው ይነካሉ። ቤቱን አከራይቶ በሌላ ከተማ መከራየትም እንዲሁ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፤ የሚገባው ኪራይ እንደ ገቢ ሊታይ ይችላልና። በተጨማሪ፣ ሕንጻችሁ በፒኑይ ቢኑይ ዕቅድ ውስጥ መኖሩን የማዘጋጃ ቤቱን የምሕንድስና ክፍል ሳትጠይቁ አትሽጡ። በሩን አንኳኩቶ ዛሬውኑ ካልፈረማችሁ የሚል ገዢ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

ስለ ሕክምና በአጭሩ። ኩፓት ሆሊም መቀየር አያስፈልግም፤ አራቱም ኩፖት በመላ አገሪቱ አሉ። የሚቀየረው ሐኪሙ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ለአዲስ ልዩ ሐኪም ቱር ስንት ወር እንደሚፈጅ ከመሄዱ በፊት ይደውል። በክሊኒኩ አማርኛ የሚናገር ሰው ስለመኖሩም ይጠይቅ፤ ልጅ ሁልጊዜ ከሥራ ቀርቶ ሊያስተረጉም አይችልም። የሲዑድ ሰዓት ያላችሁ ደግሞ መብቱ በየትም ከተማ መብታችሁ ነው። ሰዓቱ አብሯችሁ ይሄዳል፤ የለመዳችኋት ሜታፔሌት ግን አትሄድም። በአዲሱ ከተማ የሚሠራ ኩባንያ፣ በቋንቋችሁ የምትናገር ሴትም ያለው፣ መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ለቢቱአሕ ለኡሚም አሳውቁ። አለበለዚያ በመሐል ያለ ሰው የሚቀሩ ሳምንታት ይመጣሉ።

ወደ ሥራው ጉዳይ ስንመጣ፣ ይህ ለልጆቻችሁም ለእናንተም ነው፤ ጡረታ ወጥተው ግማሽ ቀን ጽዳት ወይም ጥበቃ የሚሠሩ ብዙ አሉና። ዝቅተኛው ደሞዝ በሕግ በመላ አገሪቱ አንድ ነው። በሰዓት ዝቅተኛውን የሚከፈለው የጽዳት ሠራተኛ ቴል አቪቭም ቢሠራ ዲሞናም ቢሠራ ሕጉ የሚያስገድደው መጠን ያው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ኪራይ ርካሽ ወደሆነበት መሄድ እውነትም ሊጠቅም ይችላል፣ ሥራ እዚያው ካገኘ። ካላገኘና በየቀኑ ወደ መሐል አገር የሚመላለስ ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል፤ ያንን ሰዓት ማንም አይከፍለውም። የጽዳት ሥራ ብዙ ጊዜ ማለዳ ነው የሚጀምረው፤ የመጀመሪያው ባቡር ወይም አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ተመልከቱ። መርሐ ግብሩ ላይ ያለውን ብቻ አትመኑ፣ አንድ ጠዋት ሄዳችሁ ሞክሩት።

«በዚያ ከተማ የገቢ ግብር ቅናሽ አለ» የሚባለውም እውነት ነው፤ ዲሞናና ቂርያት ሽሞና ለምሳሌ ቅናሽ ካላቸው መካከል ናቸው። ቅናሹ ግን የሚጠቅመው የገቢ ግብር የሚከፍለውን ሰው ነው። ደሞዙ አነስተኛ ሆኖ ግብር የማይቆረጥበት ወይም በሽምግልና አበል ብቻ የሚኖር ሰው ከዚህ የሚያገኘው ምንም የለም።

ልጃችሁ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ሁለት ነገር ንገሩት። ኩባንያው በአዲሱ ከተማም የሚሠራ ከሆነ መዛወር ይጠይቅ፤ ያከማቸው የሥራ ዘመን እንዳይቋረጥ። በገዛ ፈቃዱ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የሚለቅ ሰው ደግሞ የሥራ አጥ ክፍያ ለማግኘት 90 ቀን ይጠብቃል። ሦስት ወር ያለ ደሞዝ፣ በአዲስ ከተማ፣ ከነማጓጓዣው ሂሳብ! መኖሪያ በመለወጥ ምክንያት መልቀቅ በአንዳንድ ሁኔታ የስንብት ክፍያ (ፒጹዪም) ያስገኛል፤ ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ስለሆኑ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመስጠቱ በፊት ይጠይቅ።

በቁጥር የማይገባው ነገር ብዙ ነው፤ ግን እሱም ወጪ አለው። በአብዛኛው ከተማ ሰንበት ላይ አውቶቡስ የለም፤ ቤት ክኔሴቱ በእግር የማይደረስ ከሆነ ሰንበት ቤት ውስጥ ይታለፋል። ቄሱ የት ነው? ለቅሶ ቢሆን ማን ይደርሳል? እቁባችሁስ? የጤፍ ዱቄትና በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ አለ ወይስ ከሬሖቮት ማስመጣት ነው? በዕድሜው ምክንያት በሕዝብ ትራንስፖርት በነጻ የሚሄድ ሰው አለ፣ ግን ነጻ መሆኑ አውቶቡሱን ወደ ሰፈሩ አያመጣውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ። ልጅ ጠዋት ወጥቶ ማታ ከገባ፣ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ቡና እንደምትጠጡ ማሰብ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። የሪቫሃ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ችግር የገንዘብ ሳይሆን ይኸኛው ነው። የምትሄዱበት ከተማ የአዛውንት የቀን ማዕከል፣ አማርኛ የሚነገርበት፣ ያለው መሆኑን ጠይቁ።

ቤቱን ራሱ ስታዩ ማማድ አለው ወይ? ርካሽ የሆነ አሮጌ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣ ሚክላቱም ከታች የሆነ፣ በደቡብ ከተማ ለ70 ዓመት ሰው አይሆንም። አሽቀሎን ውስጥ ሲረን ሲጮህ የሚሰጠው ጊዜ ከ1 ደቂቃ ያነሰ ነው።

እንዴት እንሞክረው? ቤታችሁን ሳትለቁ ልጅ ጋ ጥቂት ሳምንት ቆዩ፣ በበዓል ሳይሆን ሰው ሁሉ ሥራና ትምህርት ቤት በሚሄድበት ተራ ጊዜ። ለሲዑድ ኩባንያው ንገሩ። ብቻችሁን ወደ ክሊኒክ ሂዱ፣ ብቻችሁን ገበያ ውጡ። ከልጆች ጋርም በግልጽ ተነጋገሩ፦ ከአበሉ ስንት ለቤት ይገባል? የትኛው ክፍል ነው የኔ? የልጅ ልጆችን መጠበቅ በየቀኑ ነው ወይስ አንዳንዴ? ይህን መጠየቅ ነውር የሚመስለው አለ። ሳይነጋገሩ ገብቶ መቀያየም ግን የባሰ ነው።

ለመሄድ ከወሰናችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ቢቱአሕ ለኡሚን ጠይቁ፤ ስልኩ ኮከብ 6050 ነው። ከዚያ የአዲሱን ከተማ የአርኖና ክፍል፣ ኩፓት ሆሊምና የሲዑድ ኩባንያ። ማህበራዊ ሠራተኛችሁም ፋይላችሁን ወደ አዲሱ ከተማ ሪቫሃ እንድታስተላልፍ፣ እዚያ የሚቀበላችሁንም ሰው ስም እንድትሰጣችሁ ጠይቁ። ውል የሚፈረመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ የአሚዳር ቁልፍ የሚመለሰው ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ። ከገባችሁ በኋላ በሚስራድ ሃፕኒም አድራሻ ቀይሩ፤ ደብዳቤ በአሮጌ አድራሻ እየሄደ ቀነ ገደብ ያለፈበት ሰው ብዙ ነው።

በዕብራይስጥ የተጻፈ ውል ካላችሁ፣ ወይም የሁለቱን ከተሞች ሂሳብ አብሮ የሚጽፍላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ፣ ሳትፈርሙ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሪቫሃ ክፍል ኑ። የመጨረሻውን የአርኖና ሂሳብ፣ የቢቱአሕ ለኡሚን ደብዳቤና ቴዑዳት ዜሁታችሁን አምጡ። ልጃችሁም አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው።