በድመት ማጅራት ላይ ያረፈ እጅ

አራት ኪሎ ግራም የምትመዝን ድመት በሰውነቷ ውስጥ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ሲኖራት፣ ለተለመዱት የላቦራቶሪ ምርመራዎች ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ይህም ከአንገት፣ ከፊት እግር ወይም ከኋላ እግር ውስጠኛ ገጽ ደም ሥር ይቀዳል። በሙያው ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው ነገር ድመቷ ደሙ በሚቀዳበት ደቂቃ ያለችበት ሁኔታ የውጤቱን ቁጥሮች የሚለውጥ መሆኑ ነው።

ድመት ስትደነግጥ ሰውነትን ለሩጫና ለትግል የሚያዘጋጀው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፤ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቅቃል። በዚህም የተነሣ የጤነኛ ድመት የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ሊደርስና የስኳር በሽታ ያለባት ሊያስመስላት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ይህ ጭማሪ ድመቶቹ ከሚያሳዩት መፈራገጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ፍሩክቶሳሚን፣ ማለትም ስኳር ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የሚፈጥረውና ያለፉትን አንድ ሁለት ሳምንታት የስኳር መጠን የሚያመለክተው ውህድ ይለካል፤ የአንድ ሰዓት ድንጋጤ አይለውጠውምና።

ከስሕተቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ድመትን በማጅራቷ ጨምድዶ መያዝ ነው። እናት ድመት ግልገሏን በማጅራቱ አንጠልጥላ ስለምትወስድ ይህ አያያዝ አዋቂዋንም ያረጋጋል ተብሎ ይታመናል፤ ነገር ግን እናት ይህን የምታደርገው በግልገሉ የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ አዋቂ ድመት ማጅራቷ የሚያዘው በጠብ ጊዜ፣ በአዳኝ አፍ ወይም በሚሰርራት ወንድ ነው። እንዲህ የተያዘች ድመት ስትደርቅ ብዙዎች ተረጋጋች ይላሉ፤ የዓይኗ ብሌን መስፋቱ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ መለጠፉና ጡንቻዋ መገተሩ ግን በፍርሃት መደንዘዟን ይናገራሉ። እጁ ሲላላም የታፈነው ትግል በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ የሚነከሰውም አብዛኛውን ጊዜ ያው ያዢው ነው። የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበርና ዓለም አቀፉ የድመት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 በጋራ ባወጡት መመሪያ ይህን አያያዝ አይመክሩም።

የተሻለው መንገድ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። የማጓጓዣ ሣጥኑ ክዳን ተነሥቶ ድመቷ በታችኛው ክፍል እንደተቀመጠች ትመረመራለች፤ ራሷም በፎጣ ተሸፍኖ የኋላ እግሯ ብቻ ሲወጣ፣ ደሙ ፊቷ ሳይነካ ከጭኗ ውስጠኛ ገጽ ሊቀዳ ይችላል። የደም ግፊት የሚለካ ከሆነ ድመቷ ክፍሉን ለጥቂት ደቂቃ ከለመደች በኋላ፣ መርፌው ሳይመጣ መለካት አለበት። ሣጥኑን ከጓዳ የሚያወጡት ለሕክምና ቀን ብቻ የሆኑ ባለቤቶች የሥራውን ግማሽ ከቤት ሳይወጡ ያበላሻሉ፤ ሣጥኑ ዘወትር ክፍት ሆኖ ድመቷ የምትተኛበት ቦታ ሊሆን ይገባል። እጅግ ለምትፈራ ድመት ሐኪሙ ጋባፔንቲን የተባለውን መድኃኒት ከጉዞው ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት እንዲሰጣት ሊያዝ ይችላል፤ ባለቤት ግን ለሰው የተሠራ ማረጋጊያ በራሱ ግምት መስጠት የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ድመቷ ከታገለች፣ ትግሉ በናሙናው ቅጽ ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል፤ ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም የስኳሩንና የነጭ የደም ሕዋሱን ብዛት ከዚያ ጋር አገናዝቦ ምርመራው በሌላ ቀን እንዲደገም ሊወስን ይችላል።