ከእንቁራሪቷ ዓይን እስከ በርሜላችን ውኃ

ክረምት በገባ ቁጥር በየሰፈራችን የሚሰማ አንድ የታወቀ ድምፅ አለ። ማታ ዝናቡ ሲያባራ ከቦዩና ከኩሬው የሚነሣው የእንቁራሪቶች ጩኸት ነው። ሲነጋ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይተካል፤ ይኸውም የእኛ የእናቶች ድምፅ ነው። «አንተ ልጅ፣ ከውኃው ራቅ!» «ምን አለሽ እዚያ ጭቃ ውስጥ?» የማንል ስንቶቻችን ነን? ውድ አንባቢዎች፣ እኔም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ከእነዚሁ እናቶች አንዷ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የ10 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ስልክሽን ስጪኝ» አለችኝ። ጨዋታ ልትጫወትበት መስሎኝ ልከለክላት ስል «ከኩሬው ዳር ያለችውን እንቁራሪት ፎቶ ላነሣት ነው» አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ከምንኖርበት ቤት በስተጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ክረምት ክረምት ውኃ ይቋጠራል። ልጅን ብቻዋን ወደ ውኃ መስደድ ስለማይገባ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል አይተውን «ኧረ ልጄ፣ ሰው ጠፍቶ ነው እንቁራሪት ፎቶ የሚነሣው?» ብለው ሳቁብን።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች ድብዝዝ ያሉ ነበሩ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ግን አንዱ ጥርት ብሎ ወጣ። አጉልተን ስናየው የእንቁራሪቷ ዓይን ዙሪያው እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል፤ ብሌኑ ክብ ሳይሆን አግድም የተኛ ነው። በጀርባዋ ላይ ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ ፈዛዛ መስመር ተሰምሯል። ዕድሜ ልኬን እንቁራሪት ሳይ የኖርኩ ሴት፣ አንዲቷንም በደንብ አይቼ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እንዴት ይነሣል?

«ይህን የሚሠራው ውድ ካሜራ ያለው ሰው ነው» ትሉ ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ በየእጃችን ያለው ስልክ ለጀማሪ ይበቃል። በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል ፊልም የሚያነሣው ቢበዛ 36 ያህል ነበርና እያንዳንዱ ስሕተት ገንዘብ ያስወጣ ነበር። ዛሬ ግን ልጅ 100 ጊዜ ቢሳሳት የሚጠፋ ነገር የለም።

በመጀመሪያ የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ስልኩን ከመጠን በላይ አታስጠጉት፤ በጣም ሲቀርብ ምስሉ ይደበዝዛል። አንድ ስንዝር ያህል አርቆ አንሥቶ በኋላ ማጉላት ይሻላል። በቅርብ በሚነሣ ፎቶግራፍ ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ በስልኩ መስታወት ላይ የእንስሳዋን ዓይን ነክታችሁ አንሡ። ዓይኑ ከጠራ ሌላው ቢደበዝዝም ፎቶግራፉ ያምራል። ቆማችሁ ቁልቁል ከማንሣት ይልቅ ቁጢጥ ብላችሁ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፋችሁ፣ ከእንስሳዋ ቁመት ጋር ተስተካከሉ። ብልጭታውን አጥፉት፤ ውኃው መልሶ ያንጸባርቀዋልና።

ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከአካባቢው ስለሆነ ብርድ ሲሆን ቶሎ አይበርሩም። እንቁራሪት ደግሞ የሚያስደነግጣት እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ መቅረብ፣ ጥላንም በላይዋ አለመጣል ያስፈልጋል። አንዲት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችለው ልጅ ለዚህ ሲል ሩብ ሰዓት ሲቀመጥ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ምን ይታያል?

በአገራችን ከ60 የሚበልጡ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች መኖራቸው የታወቀ ሲሆን፣ ከእነዚህም ከሲሶ የሚበልጡት ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኙም። በደጋው ሣር ውስጥ የምትኖር አንዲት እንቁራሪት አለች፤ ከዛፍ እንቁራሪቶች ወገን ሆና ሳለ ኑሮዋ መሬት ውስጥ ነው። የእርሷ ብሌን እንደ ድመት ዓይን ሽቅብ የቆመ ነው። ልጆች ከጥሩ ፎቶግራፍ ላይ ብሌኑ የተኛ ነው ወይስ የቆመ ብለው አንዷን ወገን ከሌላዋ መለየት ይችላሉ።

በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ብታነሡ ደግሞ እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ጭራ ያለው ልጅ፣ ከዚያም የኋላ እግር፣ በመጨረሻም የፊት እግር ሲወጣ በተራ ታያላችሁ። «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰነጠቀች» እያልን የምንተርትባት ፍጡር፣ ከመርፌ ራስ ከማይበልጥ ነጥብ ተነሥታ ባለ አራት እግር ስትሆን ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በኩሬው ላይ የሚያንዣብበውን፣ አራት ረዣዥም ክንፍና ጉልህ ዓይን ያለውን ነፍሳት ታውቁታላችሁ። ዓይኑ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው። ልጆቹ የሚያድጉት ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ከምግባቸው አንዱ የወባንና የሌላ ትንኝን እጭ ማደን ነው። እርሱን በቃል ከመንገር ይልቅ ማየቱ እንደሚበልጥ በቤታችን የደረሰው ነገር አስተማረን።

በርሜላችን ውስጥ የተገኘው

ልጄ ኩሬውን ስትጨርስ በግቢያችን ያለውን ውኃ ሁሉ ማንሣት ጀመረች። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ እንደብዙዎቻችሁ እኛም በበርሜል እናጠራቅማለን። አንድ ቀን ከበርሜሉ በብርጭቆ ቀድታ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት አቁማ በጎን በኩል አነሣችና «እማዬ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብላ አሳየችኝ። በፎቶግራፉ ላይ ትል የመሰሉ ነገሮች ተንጠልጥለዋል።

ልቤ ድንግጥ አለ። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ድሬዳዋ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በከተማይቱ የወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ልጇ ታሞ አስጨንቆን ነበር። ተመራማሪዎች ያን ወረርሽኝ ያያያዙት ከእስያ ከመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባል የወባ ትንኝ ጋር ነው። ይህች ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ ከነባሮቹ የምትለየው በከተማ መኖርን በመልመዷ ነው። በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ትራባለች።

ፎቶግራፉን አጉልተን ተመለከትን። የወባ ትንኝ እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌለው ከውኃው ፊት ሥር ጋደም ብሎ ይተኛል። የሌሎቹ እጭ ግን ከጭራው ባለው ቱቦ እየተነፈሰ ራሱን ቁልቁል አድርጎ ይንጠለጠላል። የእኛዎቹ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ቢሆንም እፎይ ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ከተንጠልጣዮቹም ውስጥ ደንጊ የተባለውን ትኩሳት የምታስተላልፍ ትንኝ አለች። በርሜሉን ደፍተን፣ ውስጡን ፈትገን፣ አፉን በጥብቅ ክዳን ሸፈንነው።

ከዚያ በኋላ ልጄ የጠየቀችኝን እስካሁን አስበዋለሁ። «ኩሬው ውስጥ የሚበሏቸው አሉ፤ በርሜላችን ውስጥ ማን አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ስንጸየፍ የኖርነው ኩሬ የራሱ ጠባቂዎች አሉት። ንጹሕ ነው ብለን የተማመንበት በርሜል ግን ከእኛ በቀር ጠባቂ የለውም።

ጥንቃቄ

ልጅን ወደ ኩሬ ብቻውን አትልቀቁ፤ ጥልቀት የሌለው ውኃም ሕይወት ያጠፋል። ቢልሃርዝያ ባለበት አካባቢ እግርን ወደ ውኃ መንከር አይገባም። እንቁራሪትን በእጅ አትያዙ፤ ውኃም አየርም የምትስበው በቆዳዋ ስለሆነ የእጃችን ሳሙናና ቅባት ይጎዳታል። ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላም አታዛውሯት፤ የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃ የሻጋታ በሽታ በአገራችንም ተገኝቷልና። በብርጭቆ የተቀዳውን የኩሬ ውኃ ወደነበረበት መልሱ፤ ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። እጭ የተገኘበትን የበርሜል ውኃ ግን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። የተኛ እጭ በፎቶግራፍ ካያችሁ፣ ዓይነቱን በእርግጥ የሚለየው ባለሙያ ነውና ለአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ አሳዩ።

እናቶች ሆይ፣ ሥራና ቤት አንድ ላይ ሲጫኑን ለልጆቻችን የሚተርፈን ጊዜ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። ይህ ግን የሚጠይቀው የቅዳሜን ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ያህል ሊበቃት ስለሚችል፣ በየቅዳሜው ከኩሬው ስትመለሱ በርሜላችሁንም ክፈቱና ተመልከቱ። እኛ ቤት ይህ ልማድ ሆኗል። እማማም አሁን አይስቁብንም፤ «የኔን በርሜል መቼ ነው የምታነሺልኝ?» እያሉ ልጄን ይጠሯታል።