የቮልስ ሁለተኛ ማርሽ ወዴት ጠፋ?

ከአዳማ ወደ ሞጆ ስትጓዙ ዳገት ላይ ፍጥነቷ የወረደባት አንዲት አሮጌ ቮልስ፣ ሾፌሯም የማርሽ ዱላውን እንደ ዘነዘና ወዲያና ወዲህ ሲያማታ አይታችሁ ይሆናል። ሁለተኛ ማርሽ ፍለጋ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቮልስም ይኸው ችግር ደርሶባት ነበር፤ የመጀመሪያው መካኒክ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» ሲል ፈረደባት።

የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የሚገኙት ከኋላ ነው። ከማርሽ ዱላው ጋር የሚያገናኛቸው በወለሉ መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ከፊት በኩል በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቡሽ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ከኋላ ደግሞ ልስልስ ማያያዣ ከካምቢዮው ጋር ያገጣጥመዋል።

ዱላው ማንሻ መሆኑን እናስታውስ። ከሚዞርበት ነጥብ በላይ ያለው ክንድ ከበታቹ 5 እጥፍ ይረዝማል እንበል፤ ታች የተፈጠረ የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት እጃችን ዘንድ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይደርሳል። እጃችን ይህን ያህል ተጉዞም ዘንጉ ገና አልተነቃነቀም። ስለዚህ ማርሹ በግማሽ ይገባል፣ ጭነት ሲበዛበት ያመልጣል፣ የጥርሶቹም ጠርዝ እየዶለዶመ ይሄዳል። ቸል ከተባለ የመካኒኩ ፍርድ ውሎ አድሮ እውነት ይሆናል ማለት ነው።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አቧራው ነገሩን ያባብሰዋል። ለብሎኬት መሥሪያ የምንጠቀምበት ፖሚስና የእሳተ ገሞራ አመድ በአብዛኛው የተፈጥሮ መስታወት ሲሆኑ፣ ከለስላሳ ብረት ይልቅ ይጠነክራሉ። ቅንጣቶቹ በፕላስቲኩ ውስጥ ተሰክተው ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ ቡሹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ብረቱን ራሱን ይሞርዳል። የሚገርመው ጠንካራው በለስላሳው መበላቱ ነው! በአሮጌው ቆሻሻ ላይ ግራሶ መደረብም አቧራውን ማቦካት እንጂ ማለስለስ አይደለም።

ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር ያለችውን ትንሽ ክዳን መክፈት ይበጃል። አንድ ሰው ዱላውን በቀስታ ሲያንቀሳቅስ ማያያዣው ዘግይቶ ከተከተለ ጥፋቱ ከካምቢዮው ውጭ ነው። በእኛ መኪና የታየውም ይኸው ነበር። ቡሹ ተሰባብሮ ስለነበር ምትኩን ቶርኖ ቤት ከናይለን አስቀረጽን። የመጀመሪያው ጠዋት ልክክ ብሎ ገብቶ በቀትር ዘንጉን አጣብቆ ያዘ፤ ናይለን በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ከ6 እጥፍ በላይ መሆኑን ያስተማረ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ ነበር። ሁለተኛው በጥቂቱ ሰፋ ተደርጎ ተቀረጸ። ካምቢዮው እስካሁን አልወረደም።