በማሪብ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ልጆች

ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪያድ ያለው የንጉሥ ሳልማን የሰብዓዊ እርዳታ ማዕከል በሜይ 2015 እ.አ.አ. ሲቋቋም፣ ሳዑዲ አረቢያ የመን ውስጥ መዋጋት ከጀመረች ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር። የበላይ ኃላፊው ዶክተር አብዱላህ አል ራቢዓ ተጣብቀው የተወለዱ መንትዮችን በመለየት ስማቸው የገነነ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ናቸው። ማዕከሉ በብዙ አገር ምግብና ድንኳን ያድላል፤ ከሥራዎቹ ለየት የሚለው ግን በየመኗ ማሪብ ያለው ነው።

ማሪብን በየመን በኩል በእግር ወደ ሳዑዲ ያቀኑ ኢትዮጵያውያን ያውቋታል። የሁቲ አማጽያን በ2014 ዋና ከተማዋን ሰንዓን ከያዙ በኋላ ተፈናቃዩ ወደ ማሪብ ጎረፈ። በ2017 ደግሞ በጦር የተሰለፉ ልጆች የሚያገግሙበት ቤት በማዕከሉ ገንዘብ እዚያው ተከፈተ። እቅዱ 2,000 ልጆችን ለመርዳት ነበር፤ ቁጥሩ የተዋጉትን ብቻ ሳይሆን በጦርነቱ የተጎዱትንም ይጨምራል።

ልጆቹ በቡድን ገብተው አንድ ወር ገደማ ይቆያሉ። ባለሙያዎቹ ከሁሉ በፊት የሚገጥማቸው ቁጣ ነው። ጭንቀት፣ ድንገተኛ ፍርሃትና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይከተላሉ። በቆይታቸው ትምህርት፣ ስፖርትና የሥነ ልቦና ምክር ይፈራረቃሉ፤ ወላጆችም ለብቻቸው ይመከራሉ። ትክክል ነው፤ ልጁን መልሶ የሚቀበለው ቤተሰቡ ነውና።

አንድ ወር ግን ያንሳል። ከ2016 መጨረሻ ወዲህ አብዛኛው መምህር ደመወዝ በመደበኛነት ባላገኘበት አገር ልጁ ተመልሶ የሚገባበት ክፍል ባዶ ሊሆን ይችላል። የጦር አዛዥ በበኩሉ ገንዘብም ምግብም ይሰጣል።

ለጋሹ ራሱ ተዋጊ መሆኑም ሊታለፍ አይገባም። በጁን 2016 የተባበሩት መንግሥታት በሳዑዲ የሚመራውን ጥምር ጦር ሕፃናትን በመግደልና አካል በማጉደል መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ በቀናት ውስጥም ሰረዘው። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ባን ኪ ሙን በኋላ እንደተናገሩት፣ ስረዛው የመጣው የእርዳታ ገንዘብ ይቋረጣል የሚል ግፊት ስለነበረ ነው። ጥምር ጦሩ በ2017 ወደ መዝገቡ ተመልሶ ቢገባም በ2020 ወጣ። ሁቲዎች በአፕሪል 2022 ሕፃናትን መመልመል ለማቆም ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ሲፈራረሙ፣ በጦራቸው ያሉትን ልጆች በስድስት ወር ውስጥ ለይተው ለመልቀቅ ቃል ገቡ። የማሪቡ ቤት ግን ያለው ከግንባሩ ወዲህ፣ ሁቲዎችን በሚወጋው የየመን መንግሥት ይዞታ ስለሆነ እነዚህ ልጆች በቀላሉ አይደርሱበትም።