ልጁ ይሩጥ፣ እጃችን ይርጋ

በየቤታችን አልበም ውስጥ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። «አትንቀሳቀስ!» እያልን ስለምናነሳቸው ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ግን እኛን የሚያሳስበን አልጋ ላይ የሚዘለው ሳይሆን ጸጥ ብሎ የተኛው ልጅ ነበር። መሯሯጥ የጤንነት ምልክት ከሆነ ለምን ከፎቶው እናስቀረዋለን? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የለመድኩትን ዘዴ ላካፍላችሁ።

ካሜራ ውስጥ ሹተር የሚባል መዝጊያ አለ። ተከፍቶ ብርሃን ያስገባና ይዘጋል። በ1/500 ሰከንድ ከተዘጋ፣ ሱዚ የምትዘለው ልጅ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። 1/15 ሰከንድ ያህል ከቆየ ግን እጅና እግሯ ያለፉበት መንገድ አብሮ ይታያል። ራጅ ስንነሳ «ትንፋሽ ያዙ» የምንባልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የተንቀሳቀሰ ነገር ይደበዝዛል።

በጣም ከዘገየ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ከነጭራሹ ይጠፋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1838 እ.ኤ.አ. ገደማ አንድ የፓሪስ ጎዳና ሲያነሳ ብርሃኑን ለመቀበል ደቂቃዎች ፈጅቶበታል። ሠረገላውና መንገደኛው ሁሉ ጠፍቶ፣ በጉልህ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ነው። ሊስትሮ ጋ መቆሙ ለታሪክ አበቃው!

በብዙ የእጅ ስልኮች ካሜራ ላይ «ፕሮ» የሚል ምርጫ አለ። እሱን ከፍታችሁ አይኤስኦውን ወደ 100 አውርዱ። እስክስታ ለሚወርድ ልጅ 1/15 ሰከንድ ሞክሩ፤ ትከሻው ይደበዝዛል፣ እግሩ ግን ጎልቶ ይቀራል። በጎን ለሚያልፍ ብስክሌት 1/30 አድርጉና ስልኩን ከልጁ ጋር እኩል አዙሩ፤ ልጁ ይለያል፣ ከኋላው ያለው አጥር መስመር መስመር ይሆናል። ለፏፏቴ ግማሽ ሰከንድ ይበቃል፤ ውሃው እንደ ተዘረጋ ነጠላ ይለሰልሳል። የቀን ብርሃን ፎቶውን ስለሚያነጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አመሻሽ ላይ አንሱ።

በእኛ ዕድሜ እጅ ይንቀጠቀጣል። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ግድግዳ ተደገፉ፣ ትንፋሻችሁን አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ካልሆነም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ የሦስት ሰከንድ መቁጠሪያውን ተጠቀሙ። አሥር አንስታችሁ አንድ ከወጣላችሁ ጥሩ ነው።

በዚህ እሑድ ይህን ሞክሩ። አያት በርጩማ ላይ ጸጥ ብላ ትቀመጥ፣ የልጅ ልጆቿ ይዙሯት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁማችሁ በ1/4 ሰከንድ አንሱ። አያት እያንዳንዱ የፊቷ መስመር ሳይቀር ትለያለች፤ ልጆቹ ደግሞ እንደ ነፋስ ዙሪያዋን ይከቧታል። ልጆቹ ሲያድጉ ማን እንደ ነበሩ ብቻ ሳይሆን እንዴት ያለ ቤት ውስጥ እንዳደጉም ያዩበታል።